ለአይሱዙ የአየር መሳቢያ ቱቦ በእጅ ሲሠራ፦ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ

ጥያቄ፦ በጅማ ዙሪያ ቡና የምጭንበት አይሱዙ ኤንፒአር ከጋቢናው ጀርባ የቆመው የአየር መሳቢያ ፕላስቲክ ተሰብሮ ወደቀ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ በሁለት ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ ክርን) አዙሬ፣ በሽቦ ጋቢናው ላይ አስሬ ገጠምኩለት። አሁን ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ቀንሷል። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው 4ኤችጂ1 ነው። ከፊልትሮው (ከአየር ማጣሪያው) ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማም ስለተሰነጠቀ እሱንም በፒቪሲ ልተካው ነው። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ጎማውን በፒቪሲ አይተኩት። ከፊልትሮው በፊት ያለው መስመር በእጅ ቢሠራ ችግር የለውም፤ ትንሽ ቢሰነጠቅ እንኳ አቧራውን ፊልትሮው ይይዘዋል። ከፊልትሮው በኋላ ያለው ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለችው ወደ ቡና ጣቢያዎቹ የሚያስገባው የጠጠር መንገድ አቧራ ሳይጣራ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። መኪናው ዘይት መጠጣት ሲጀምር ሞተሩ ተበልቷል ማለት ነው። ፒቪሲ ደግሞ በሞተር ሙቀት ይለሰልሳል፣ በመሳቡ ኃይልም ይጨማደዳል። እዚያ ቦታ ላይ ዘይትና ሙቀት የሚችል፣ ውስጡ ክር ያለው ወፍራም ጎማ ይግዙ። ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ ስለሚወዛወዝ መገናኛው መተጣጠፍ አለበት። በሁለቱም ጫፍ ፋሸታ (በብሎን የሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ) ይጥበቅበት። ሽቦ አየር አይዘጋም፣ የከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ቁራጭ መጠቅለልም መፍትሔ አይደለም። ሲሊኮን በብዛት አይቀቡ፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ደርቆ ሲላቀቅ ሞተሩ ይስበዋል።

አሁን ወደ ጭሱ። የሞተርዎ ስፋት 4.57 ሊትር ነው። በአራት ምት ሞተር ሲሊንደሩ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር፣ አሞላሉን 85 በመቶ ብንይዝ፣ በሰከንድ 97 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ አየር በባለ 50 ቱቦ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በ75 ወደ 22፣ በ110 ወደ 10 ሜትር ይወርዳል። የግፊት ብክነቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ቀድሞውንም በአንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ናፍጣው በልኩ ይመጣል፣ አየሩ ግን ይጎድላል። ከጊቤ ሸለቆ ሽቅብ ሲወጡ የሚያዩት ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የቀረ የናፍጣ ጥላሸት ነው።

ስለዚህ ባለ 110 ይጠቀሙ። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሚጠቀልል ወይም ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) የሚሠራ ቤት ያሠሩት። ከማርሚታው ርቆ በደንብ ከታሰረ ፒቪሲም ይሠራል፣ ግን ንዝረትና ፀሐይ መገጣጠሚያው ላይ ያሰነጥቁታል። ብየዳ ካለ የውስጡን ጥፍጣፊ በሞረድ አንስተው፣ በጨርቅ ጠርገው ይግጠሙ። የፊልትሮው ቤት አፍ ከ110 የሚጠብ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቀስ በቀስ የሚጠብ መገናኛ ያሠሩ። ጎማ የሚገባበት የብረት ጫፍ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፤ አለዚያ ጎማው በንዝረት ይንሸራተታል። ቱቦው የሚታሰረው ሻንሲው ላይ በብሎን በተያዘ መያዣ ነው። ጋቢናው ወደ ፊት ስለሚገለበጥ እሱ ላይ የታሰረ ቱቦ ይሰበራል፤ የመጀመሪያውም በዚያ መንገድ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

አፉ ከጋቢናው ጣሪያ ከፍ ይበል፤ የፊት ጎማው የሚያነሳው አቧራ ከታች ይወፍራል። የጅማ ዝናብ እንዳይገባ ክዳን ያድርጉለት። በክዳኑና በአፉ መካከል ያለው ክፍተት ቢያንስ የቱቦው ስፋት አንድ አራተኛ መሆን አለበት፣ ያ ለባለ 110 ቱቦ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ ግን 5 ሴንቲ ሜትር አደርገዋለሁ። መረቡ ቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይሁን፤ የወባ አጎበር ዓይነት ቀጭን ወንፊት በቡና ገለፈት ወዲያው ይደፈናል። ከፊልትሮው በፊት ባለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለውሃ መውጫ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። የፊልትሮው ቤት ሥር ያለችው አቧራ የምትተፋ የጎማ አፍ መኖሯንም ይዩ። ከጠፋች ከመሬት አካባቢ ያለው አቧራ በዚያ በኩል እየተሳበ ወረቀቱን ያደፍነዋል።

ሲጨርሱ ይለኩት። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበትን ግልጽ ቱቦ 3 ሜትር ወስደው እንደ U ፊደል አጥፈው፣ ሁለት ቋሚ ክንድ እንዲኖረው ሳንቃ ላይ አስረው ያቁሙት፣ እስከ እያንዳንዱ ክንድ አጋማሽ ውሃ ይሙሉት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ካለው መለኪያ መሰኪያ ጋር ያገናኙ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። ሞተሩን ያለ ጭነት እስከ መጨረሻ ዙሩ አስነስተው የሁለቱን ውሃ ከፍታ ልዩነት ያንብቡ። 50 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ፊልትሮው ይቀየር። ከፊልትሮው በፊት ሲለኩ ደግሞ የሠሩት ቱቦ ብቻውን ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ መውሰድ የለበትም፤ የአሁኑ ባለ 50 ከ30 በላይ የሚወስድ ይመስለኛል።

ፊልትሮውን ጎማ ቤት ወስደው በሙሉ ግፊት አያስነፉ፤ ወረቀቱ ይበሳል። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባነሰ ግፊት ይንፉት፣ ከዚያ ውስጡ አምፖል አብርተው ይዩት። ነጥብ የምታህል ብርሃን ካሳየ ይጣላል። ከሳምንት ሥራ በኋላ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ፈተው ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አቧራ ካገኙ መኪናውን ያቁሙና ፍሳቱን ይፈልጉ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ፣ የውሃውም ልክ ደህና ሆኖ ጥቁር ጭሱ ካልቀረ፣ የሚቀጥለው ሥራ ኖዝሎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) እና የናፍጣ ፓምፑን ማስፈተሽ ነው።