ዓይንዎ ከሽጉጡ አይነሳ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኑሮዬ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የዩኤስፒኤስኤን (የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር) የሬንጅ ኦፊሰር፣ ማለትም የተኩስ ዳኛ፣ ኮርስ ጨርሻለሁ። በሚቀጥለው ወር በክለባችን የሽጉጥ ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት ይዤ እዳኛለሁ። የት ልቁም? ምን ልይ? ተኳሹን ማስቆም ያለብኝስ መቼ ነው?

መልስ፦ ዒላማውን አይዩ። ቀዳዳ የሚቆጠረው ከተኩሱ በኋላ ነው። ተኩሱ እስኪያልቅ ዓይንዎ አፈሙዙና ምላጩ አጠገብ ያለችው ጣት ላይ ይሁን። አዲስ ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ጎበዝ ተኳሽ ሲገጥመው ተመልካች ስለሚሆን ነው።

ሽጉጡን በያዘበት እጅ በኩል፣ ከተኳሹ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እጅዎን ቢዘረጉ በሚደርሱበት ርቀት ይቁሙ። ለግራኝ ጎንዎን ይቀይሩ። ስቴጁ (ውድድሩ ከሚከፈልባቸው የተኩስ ዙሮች አንዱ) ወደ ኋላ የሚያስመልስ ከሆነ ውድድሩ ሳይጀመር መንገዱን በእግርዎ ይሂዱበትና መሸሻዎን ይወቁ። ሳያስቡት ከተኳሹ ጋር ከተጋጩ፣ ሰዓቱም ነጥቡም ሳይታይ እንደገና እንዲተኩስ ሊፈቅዱለት ይችላሉ።

ትእዛዙ ቃሉ ሳይለወጥ በእንግሊዝኛ ነው፦ «ሜክ ሬዲ» (ተዘጋጅ)፣ «አር ዩ ሬዲ» (ተዘጋጅተሃል?)፣ «ስታንድ ባይ» (ጠብቅ)። ከ«ስታንድ ባይ» በኋላ የሰዓቱ የማስጀመሪያ ድምፅ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ውስጥ ይሰማል፤ ተኳሹ እንዳይለምደው ቆይታውን ይለዋውጡት። ሲጨርስ «ኢፍ ዩ አር ፊኒሽድ፣ አንሎድ ኤንድ ሾው ክሊር» (ከጨረስክ ጥይቱን አውጥተህ ባዶ መሆኑን አሳይ) ይበሉ። ካዝናው ወጥቶ፣ ሽጉጡ ተከፍቶ፣ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንዎ ሳያረጋግጡ «ኢፍ ክሊር» (ባዶ ከሆነ) እንዳይሉ። ቀጥሎ ተኳሹ ሽጉጡን ከዒላማው ጀርባ ወዳለው የአፈር ግድብ አዙሮ ምላጩን ይስባል፤ ያኔ ጥይት ከወጣ ከውድድሩ ይሰናበታል። ይህ የሚሆነው ተኳሹ በልማድ ቸኩሎ፣ ዳኛውም አብሮት ሲቸኩል ነው። ሽጉጡ አፎቱ ገብቶ «ሬንጅ ኢዝ ክሊር» (ሜዳው ነጻ ነው) እስኪሉ ድረስ ማንም ወደ ዒላማው አይራመድ።

«ስቶፕ» የሚያስብሉት ነገሮች ግልጽ ናቸው። አፈሙዙ ወደ ግድቡ ከሚያመለክተው መስመር በግራም በቀኝም 90 ዲግሪ ካለፈ፣ ማለትም «180ው ከተሰበረ»፤ እየተንቀሳቀሰ፣ ካዝና እየቀየረ ወይም የተቀረቀረ ጥይት እያወጣ ጣቱ ምላጩ ጋ ከገባ፤ ሽጉጡ ከእጁ ከወደቀ። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ወደ ግራ እየሮጠ ካዝና ሲቀይር ነው። ሰውነቱ ወደ ግራ ዞሯል፤ ካዝናውን ለማስገባት ሽጉጡን ሲያዘነብለው ደግሞ አፈሙዙ ይበልጥ ወደ ግራ ያመልጣል። እዚያ ቦታ ላይ ቀድመው ይዘጋጁ። አፈሙዙ ወደ መስመሩ ሲጠጋ «ማዝል» (አፈሙዝ)፣ ጣቱ ሲያጠራጥር «ፊንገር» (ጣት) ብለው ማስጠንቀቅ ይችላሉ። በእርግጠኝነት ላላዩት ነገር ግን ሰው አያሰናብቱ፤ እርግጠኛ ከሆኑም ማንንም አይለፉ፣ ጓደኛዎ ቢሆንም።

አንድ ነገር ለተወዳዳሪዎች ሁሉ ይንገሩ፦ ባዶ ሽጉጥ ከስቴጅ ውጭ ቢወድቅ ጥፋት አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ካነሳው ግን ይሰናበታል። ባለበት ይተወውና ዳኛ ይጥራ።

ሰዓቱ ተኩስን በድምፅ ስለሚቆጥር፣ ሲያነቡት የተኩሱን ቁጥርም ይመልከቱ። 20 ተኩሶ 21 ካሳየ፣ የጎረቤት ስቴጅ ድምፅ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ስቴጁን ከጓደኛዬ በ3 ሰከንድ ቀድሜ ጨርሼ እሱ በለጠኝ። ሁለታችንም በ9 ሚሊሜትር፣ በማይነር (በዝቅተኛው የጥይት ኃይል ምድብ) ነው የምንተኩሰው። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ውጤት የሚወጣው ነጥብ ለሰከንድ ተካፍሎ ነው። ዒላማው ኤ፣ ሲ እና ዲ በተባሉ ክልሎች የተከፈለ ነው፤ በማይነር ኤ 5፣ ሲ 3፣ ዲ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ የሳተ ጥይት 10 ይቀንሳል። 20 ጥይት የሚቆጠርበት ስቴጅ እንውሰድ። 14 ኤ፣ 4 ሲ፣ 1 ዲ እና 1 ስህተት ካለዎት ነጥብዎ 73 ነው፤ በ16 ሰከንድ ሲካፈል 4.56። ጓደኛዎ 18 ኤ እና 2 ሲ ይዞ 96 ነጥብ አለው፤ በ19.2 ሰከንድ ሲካፈል 5 ይመጣል። እዚያው ቆመው ግማሽ ሰከንድ ወስደው የሳተውን በአንድ ተጨማሪ ጥይት ኤ ቢያደርጉት 88 ነጥብ በ16.5፣ ማለትም 5.33 አግኝተው ያሸንፉ ነበር። እንዲህ ባለ ስቴጅ አንድ ነጥብ 0.2 ሰከንድ ያወጣል፤ ስለዚህ አንድ ስህተት 15 ነጥብ አስጥሎ 3 ሰከንድ በላብዎት ማለት ነው። ፈጣን በሆነ፣ ውጤቱ 10 በሚደርስ ስቴጅ ደግሞ ነጥቡ 0.1 ሰከንድ ብቻ ስለሚያወጣ ሲ ያን ያህል አያሳዝንም። በየስቴጁ ይህን አስልቶ መግባት ከሩጫው እኩል ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ ጥይቴን ራሴ ነው የምሞላው። ለማይነር ምን ያህል ኃይል ይበቃል?

መልስ፦ የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በጫማ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 125 መድረስ አለበት። 115 ግሬን በ1,080 ፍጥነት 124.2 ነው፤ በፍጥነት መለኪያው ተለክቶ 125 ካልደረሰ ተኩሰው ይጨርሳሉ እንጂ ነጥብ አይያዝልዎትም። 124 ግሬን በ1,050 ግን 130.2 ስለሚሆን ያሳልፋል። ወደ 130 ይጠጉ፤ አንዳንድ ባሩድ በብርድ ይዳከማልና በሐምሌ የለካችሁትን ጥይት በጥር እንደገና ለኩት።