ኳሱን የምትለቅበትን ጊዜ እንዴት ትወቅ?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል ጨዋታ) ትጫወታለች፤ ቦታዋም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች የሚረግጡት የሜዳ ምልክት) መካከል፣ ሾርትስቶፕ የሚባለው ነው። ክንዷ ጠንካራ ነው፤ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስም አያመልጣትም። ነገር ግን ጊዜ እያላት ትቸኩልና ኳሱን ታበላሻለች፤ መፍጠን ሲኖርባት ደግሞ ታመነታለች። ሁለተኛውን ቤዝ ለመሸፈን ለምትሮጥ የቡድን ጓደኛዋ ስትወረውርም ኳሱ ከኋላዋ ያልፋል። ይህ በልምምድ የሚስተካከል ነው?

መልስ፦ ይስተካከላል። የልጅዎ ችግር የክንድ ሳይሆን፣ በእጇ ላይ ያለውን ጊዜ አለማወቋ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከውርወራው በፊት ጊዜውን እንለካው። ከመምቻው ቦታ እስከ መጀመሪያው ቤዝ ያለው ርቀት 60 ጫማ፣ ማለትም 18.3 ሜትር ያህል ነው። ሯጯ፣ ማለትም ኳሱን መትታ የምትሮጠው ተጫዋች፣ ይህን በ3.5 ሰከንድ ትጨርሳለች እንበል፤ የልጅዎ ውርወራ ከእሷ ቀድሞ ቤዙ ላይ መድረስ አለበት። ኳሱ ተመትቶ ልጅዎ ጓንት ውስጥ እስኪገባ 1.2 ሰከንድ፣ ከተወረወረ በኋላ ደግሞ በአየር ላይ 1.3 ሰከንድ ከወሰደ፣ ኳሱን ከጓንት አውጥታ ለመልቀቅ አንድ ሙሉ ሰከንድ ይቀራታል። አንድ ሰከንድ እግርን አስተካክሎ ለመወርወር ይበቃል፤ ልጅዎ ግን ይህን ስለማታውቅ ወይ ትደነግጣለች ወይ ትዘገያለች።

በልምምድ ላይ ሰዓት ይያዙ፤ ነገር ግን ቁጥሩን ቀድመው አይንገሯት። ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ «ሯጯ ቤዙን ልትረግጥ ምን ያህል ቀርቷት ነበር?» ብለው ይጠይቋት፣ ግምቷን ካደመጡ በኋላ ሰዓቱን ያሳዩዋት። ግምቷና ሰዓቱ እየተቀራረቡ ሲመጡ ጥድፊያዋም ሲረግብ ያያሉ። እባክዎ ከዳር ሆነው «ቶሎ በይ!» አይበሏት፤ ይህን የሰማች ልጅ የምታፋጥነው ክንዷን ነውና ኳሱ አቅጣጫውን ይስታል። ጊዜ የሚተርፈው በእግርና ኳሱን ከጓንት በማውጣት ላይ ነው፦ የምትወረውርበት እጅ ከጓንቱ አጠገብ ይጠብቅ፣ ኳሱን እንደያዘች ሁለቱም እጆች ወደ ደረቷ ይምጡ፣ እግሮቿም በዚያው ቅጽበት ወደ ዒላማው ይዙሩ። የክንዱ ፍጥነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን።

ወደምትሮጥ ጓደኛ መወርወር ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። ኳሱ መሄድ ያለበት ጓደኛዋ አሁን ወዳለችበት ሳይሆን ቤዙ ላይ፣ የጓደኛዋ ደረት ወደሚደርስበት ከፍታ ነው። ኳሱ ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ቢፈጅበትና ጓደኛዋ በሰከንድ 5 ሜትር ብትሮጥ፣ ልጅዎ ኳሱን መልቀቅ ያለባት ጓደኛዋ ከቤዙ 3 ሜትር ገደማ ስትርቅ ነው። ይህን በመጀመሪያ ያለ ኳስ ያለማምዷት፤ ጓደኛዋ ትሩጥ፣ ልጅዎም መልቀቅ ያለባት ቅጽበት ሲደርስ «አሁን!» ትበል። ቃሉ በሰዓቱ መውጣት ሲጀምር ኳሱን ይጨምሩ፤ ሩጫው መጀመሪያ ዝግ ያለ፣ ኋላ ግን የጨዋታ ፍጥነት ያለው ይሁን። ርቀቱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ሲሆን ኳሱን ከጓንቷ ቀድማ አውጥታ ለጓደኛዋ ታሳያትና ከታች በኩል በቀስታ ትስጣት።

በመጨረሻ፣ ሯጯ ቀድማ እንደደረሰች አይታ ኳሱን በእጇ ያስቀረችበትን ጊዜ እንደ ስህተት አይቁጠሩባት፤ ያንንም ከተሳኩት ውርወራዎች ጋር ይመዝግቡላት።