ማለቂያው የማይታወቅ ጨዋታ፣ ቀኑ የተቆረጠ ፈተና፦ ለ12ኛ ክፍል የቴኒስ ወዳጆች

ልጆች፣

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በፍኖተ ሰላም ኳስ ከተባለ እግር ኳስ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ «ቴኒሱን ክፈቱልን» የሚል ወጣት ሲገኝ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «የቱን? የጠረጴዛውን?» ይላል። ይህ ደብዳቤ ለዚያ ወጣት ነው፤ በተለይ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ለደረሰው ወይም ለደረሰችው። ቴኒስ ተዉ ልላችሁ አይደለም። የሚወደውን ነገር ለዓመት ጨርሶ እተዋለሁ ብሎ የሚምል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ኅዳር ሳይገባ ተደብቆ ይመለስበታል። ተደብቆ የሚታይ ጨዋታ ደግሞ የሚታየው ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ በስልክ ነው። የሚጎዳው እሱ ነው።

ሜዳ ቴኒስ ከእግር ኳስ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። እግር ኳስ ከእረፍቱና ከጭማሪው ጋር ሁለት ሰዓት ብትመድቡለት ያልቃል። ቴኒስ የሚጀምርበት እንጂ የሚያበቃበት ሰዓት የለውም። በአራቱ ግራንድ ስላሞች፣ ማለትም በዓመቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ሴቶቹ ከሦስት ዙር ሁለቱን፣ ወንዶቹ ከአምስት ዙር ሦስቱን ያሸነፈ ያልፋል። (መረብ ኳስ ላይ «ሴት» የምንለውን እዚህ «ዙር» እለዋለሁ፤ አለዚያ ከሴቶቹ ጨዋታ ጋር ይምታታብናል።) የወንዶች ጨዋታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በሮላንድ ጋሮስ (በፓሪሱ ግራንድ ስላም) አልካራዝና ሲነር ያደረጉት የወንዶች ፍጻሜ ግን 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ፈጀ። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ የጀመረው ጨዋታ ማታ 3 ሰዓት ተኩልን አለፈ። ዕለቱ የጰራቅሊጦስ እሑድ ነበር፤ ብሔራዊ ፈተናውም ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር። «አንድ ሰዓት አይቼ እነሳለሁ» ብሎ የተቀመጠ ልጅ፣ ሲነር በአራተኛው ዙር ዋንጫውን የሚያስጨብጡ ሦስት ነጥቦች ፊቱ ተደርድረው ሳለ ይነሳል? አይነሳም። አልካራዝ ሦስቱንም አዳናቸው፣ ጨዋታው ወደ አምስተኛ ዙር ሄደ፣ የዚያን ምሽት ጥናትም አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ጨዋታ ሳይሆን ዙር ምረጡ። አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከ35 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ከመቀመጣችሁ በፊት «ሁለት ዙር» ብላችሁ ወስኑና ቤት ውስጥ ላለ ሰው ንገሩ። ያልተነገረ ውሳኔ በጨዋታ መሃል ይላላል። የምትነሱበት ቦታ ደግሞ በዙርና በዙር መካከል ተጫዋቾቹ የሚቀመጡባት የ120 ሴኮንድ እረፍት ትሁን። ዙሩ ተዘግቷል፣ አዲሱ አልተጀመረም፤ ልብ የማይንጠለጠልበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። በጌም (ዙሩ በሚከፋፈልባቸው አጫጭር ጨዋታዎች) 6 ለ 6 ላይ ከሆኑ ዙሩን የሚለየውን ታይብሬክ ጨርሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። መሃል ላይ አቋርጦ መጽሐፍ መክፈት ዐይንን እንጂ ሐሳብን አይመልስም።

ቀን መቁጠሪያውን ደግሞ አሁኑኑ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አውስትራሊያ ኦፕን በጥር ውስጥ ነው፤ ጥምቀት የሚውለው በመሃሉ ሲሆን የመንፈቀ ዓመት ፈተናም በዚያው ሰሞን ያንዣብባል። የሜልበርን የቀን ጨዋታ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ይጀምራል። ለዚህ መነሳት ክልክል ነው እላለሁ፤ ከሁሉም አጥፊው እሱ ነውና። የማታው ጨዋታ ግን እዚህ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ስለሚውል በሥራ ቀን ክፍል ውስጥ ናችሁ፣ የሚያጓጓችሁም ነገር የለም። የሁለቱ ፍጻሜዎች ቅዳሜና እሑድ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ናቸው፤ እነሱን እዩ። ሮላንድ ጋሮስ በግንቦት ሁለተኛ አጋማሽ ይጀምራል። ፓሪስ ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ስለምትቀር ጨዋታው ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ይውላል። የምሽቱ ጨዋታ የሚጀምረው 3 ሰዓት ከሩብ ስለሆነ አምስት ዙር ከሄደ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ የማታውን ተዉት። ዩኤስ ኦፕን ነሐሴ ማብቂያና ጳጉሜን ላይ ስለሆነ ትምህርት ሳይጀመር ያልፋል፤ በእሱ ላይ ምንም አልላችሁም። ወደ ዊምብልደን በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ሒሳቡን እናስላው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በእናንተ ዕድሜ እንቅልፍ ቢያንስ 8 ሰዓት ስለሚያስፈልግ 56ቱ ሄደ። ለትምህርት ቤትና ለመንገድ 40 ያዙ። ለምግብ፣ ለውሃ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተሰብ ሥራ 30 ይሁን። ከገጠር መጥታችሁ ከተማ ክፍል የተከራያችሁ ደግሞ ራሳችሁ ስለምታበስሉና በገበያ ቀን ስንቅ ስለምትቀበሉ ከ30ም ይበልጥባችኋል። 42 ይቀራል። በቀን 4 ሰዓት ካጠናችሁ 28ቱ በጥናት ይሄዳል፤ የሚተርፈው 14 ነው። ከዚያ ላይ በተራ ሳምንት 3፣ በግራንድ ስላም ሁለተኛ ሳምንት እስከ 6 ሰዓት ለቴኒስ ብታውሉ የሚፈርስ ነገር የለም። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ትምህርት የተቆራረጠባችሁ ግን ያለፏችሁን የ11ኛ ክፍል ምዕራፎች መጀመሪያ ቁጠሩ፤ የእነሱ ጊዜ የሚወጣው ከዚያው ከ14ቱ ነው፣ ከእንቅልፍ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚበላው ጨዋታው ራሱ እንኳ አይደለም። በጥናት መሃል «ስንት ለስንት ሆነ?» ብሎ ስልክ መክፈት ነው። ውጤት ማየት 10 ሴኮንድ ነው፤ ግን ቀጥሎ ቴሌግራም፣ ቀጥሎ ቅንጭብ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ የቪዲዮው ልጅ የሆነ ሌላ ቪዲዮ ይመጣል። ስልኩን ለእናታችሁ ወይም ለክፍል ተጋሪያችሁ አስረክቡ። ውጤቱን ማታ አንድ ጊዜ እዩት። ካርድ ለሚያሳስባችሁ ደግሞ፣ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል፤ በ128 ኪሎቢት የሚተላለፍ የድምፅ ዘገባ ግን በሰዓት ከ58 ሜጋባይት አይበልጥም። ልብስ እያጠቡ ቴኒስ መስማት ይቻላል፣ ኳሷ ስትመታ ድምጿ ራሱ ብዙ ይናገራል። መብራት ሲጠፋም ባትሪውን ለነገ ጥናት አትርፉት።

ቴኒስ እያየሁ ፊዚክስ እማራለሁ የሚል ራሱን ያታልላል። ካዩ በኋላ ወረቀት ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ዲውስን ውሰዱ፤ ማለትም 40 ለ 40። ጌሙን ለመውሰድ አንዱ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ማግኘት አለበት። ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት) የምትመታው ልጅ እያንዳንዱን ነጥብ የማግኘት ዕድሏ 0.6 ነው እንበል። ሁለቱን በተከታታይ የማግኘት ዕድሏ 0.36 ነው። አንድ አንድ ተካፍለው ወደ ዲውስ የመመለሳቸው ዕድል 2 × 0.6 × 0.4፣ ማለትም 0.48። ከተመለሱ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ዕድሏ 0.36 + 0.48 × 0.36 + 0.48² × 0.36 እያለ ማብቂያ ሳይኖረው ይቀጥላል። ይኼ መጽሐፋችሁ ላይ ያለው ጂኦሜትሪክ ሲሪስ ነው፤ የመጀመሪያው ተርም 0.36፣ ኮመን ሬሾው 0.48። ድምሩ 0.36 ÷ 0.52፣ ወደ 0.69 ገደማ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ያችን 2 በመርሳት ነው፦ ነጥቡን እሷ አስቀድማ ወይም ተጋጣሚዋ አስቀድማ ልታገኘው ስለምትችል መንገዱ ሁለት ነው። 2ን ከረሳችሁ መልሱ 0.47 ይመጣል። በእያንዳንዱ ነጥብ የምትበልጥ ልጅ በጌሙ የምታንስ ከሆነ ስሌቱ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል፤ እንዲህ ራሱን የሚያጋልጥ ስሕተት መልመድ ፈተና ላይ ነጥብ ያድናል።

ፊዚክሱም እንዲሁ ነው። በደንቡ መሠረት ኳሷ ከ254 ሳንቲሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ ስትለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲሜትር መንጠር አለባት። ከመሬት ስትነሳ ያላት ፍጥነት ስታርፍ ከነበራት ጋር ያለው ሬሾ ስንት ነው? 135ን ለ254 አካፍሎ 0.53 ብሎ መተው የተለመደ ጥፋት ነው። ከፍታ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ስኩዌር ሩት ያስፈልጋል፤ ትክክለኛው ከ0.73 እስከ 0.76 ነው። ሰርቩንም አስሉት፦ 58 ግራም ኳስ በሰዓት 200 ኪሎሜትር ብትወጣ፣ ራኬቱን የነካችውም ለ5 ሚሊሴኮንድ ያህል ቢሆን፣ አማካይ ኃይሉ ወደ 645 ኒውተን ይደርሳል። 2,320 ካገኛችሁ ለ3.6 ማካፈሉን ረስታችኋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷን የሚይዛት ነገር ስለሚያንስ ትሮጣለች። ደንቡም ከ1,219 ሜትር በላይ ለከፍታ ቦታ የተሠራ ኳስ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ሜልበርን ከእኛ 8 ሰዓት የምትቀድምበትን ምክንያት አውጡ። የእኛ ሰዓት የሚለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የእነሱ በ150 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ለ15 ሲካፈል 7 ነው፤ ስምንተኛዋ ሰዓት የመጣችው በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ ነው።

አንድ ነገር ግን ከቴኒስ ወደ ፈተና አትውሰዱ። በ2019 እ.ኤ.አ. የዊምብልደን ፍጻሜ ፌደረር 218 ነጥብ፣ ጆኮቪች 204 ነጥብ አገኙ፤ ዋንጫውን የወሰደው ጆኮቪች ነው፣ ሦስቱን ታይብሬኮች ስላሸነፈ። ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 1 ተሸንፎ እንኳ ምንም አልጎደለበትም። በቴኒስ የጠፋ ዙር ተጥሎ ይታለፋል። ብሔራዊ ፈተናው ግን ዙር የለውም፤ ስድስቱ ትምህርቶች ከ600 ይደመራሉ፣ ማለፊያው 300 ነው። ሒሳብና ፊዚክስን «ጥያቸዋለሁ» ብሎ በእያንዳንዳቸው 20 ያመጣ ልጅ በቀሩት አራቱ በአማካይ 65 ማምጣት ይጠበቅበታል። ሁለቱን ወደ 35 ቢያሳድጋቸው ከአራቱ የሚፈለገው ወደ 57.5 ይወርዳል። ስለዚህ ከ28ቱ የጥናት ሰዓት ትልቁን ድርሻ ለምትጠሉት ትምህርት ስጡ። የምትወዱትን ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል፣ ድምሩን ግን ብዙም አያነሳውም።

ዊምብልደን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፈተናው የሚሰጠውም በዚያው ሰሞን ነው። ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት የቴኒሱን ሰዓት ዜሮ አድርጉት፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከገባችሁ በኋላ ስልክ ስለማይፈቀድ ምርጫውም የለም። ዋናው ሜዳ ላይ ጨዋታ በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ እናንተ ያኔ የነገውን ትምህርት ቀመሮች አንድ ጊዜ ገልጣችሁ የምትዘጉበት ሰዓት ነው። ቤት ለቀረ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ደብተር ስጡ፦ የእያንዳንዱን ቀን ውጤት ይጻፍ፣ የፍጻሜው ገጽ ግን ታጥፎ ይታሰር። አውቶቡሱ መናኸሪያ ሲያራግፋችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ማን እንደበላ እንዳትነግሩኝ» በሉ፤ ደብተሩን ሳትፈቱ መጀመሪያ ተኙ፣ ከዚያ የፍጻሜውን ድጋሚ ከመጀመሪያው ሰርቭ ጀምራችሁ እዩት።