ስታቹ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል ወይ ብለህ ለጠየቅከው የጅማ ልጅ

ሰላም ወንድሜ። ዱባይ ያለው ታላቅ ወንድምህ ሦስት ትልልቅ ስታቹዎች (ለሰብሳቢ የሚሠሩ የፊልምና የኮሚክ ገፀ ባህርያት ሐውልቶች፤ አንዱ ፕራይም 1 የሚባለው ካምፓኒ የሠራው ባትማን ነው) በቅናሽ አግኝቶ «ብርህን እዚህ ላይ አድርግ፣ በሁለት ዓመት እጥፍ ይሆናል» እንዳለህ ጽፈሃል። አንተም የቆጠብከውን በሙሉ ልትልክለት ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ልጆች «አሪፍ ነው ግባበት» ብለው አልፈዋል። ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ አንድ የስታቹ ካርተን ጭነው የሚያውቁ ግን አይመስለኝም። እኔ ጭኛለሁ፣ ሸጫለሁም። ስኬል ማለት ስታቹው ከገፀ ባህርዩ እውነተኛ ቁመት ስንት እጅ አንሶ እንደተሠራ (ሩብ፣ 1/10)፣ ፖሊስቶን ደግሞ የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ሬዚን መሆኑን እንደምታውቅ ከጥያቄህ ያስታውቃል።

1. «እጥፍ ይሆናል» የሚለው የኮሮና ጊዜ ወሬ ነው። እ.አ.አ. በ2020 እና 2021 ፈረንጁ ቤቱ ተቀምጦ፣ የአሜሪካ መንግሥትም ለሕዝቡ ገንዘብ እየላከ፣ ካምፓኒው ጋ ያለቀ ስታቹ ሁለተኛ እጅ ላይ ከመነሻ ዋጋው በላይ ሲሸጥ ነበር። ካምፓኒዎቹም ይህን አይተው ምርት አበዙ። ከዚያ የኑሮ ውድነቱና የባንክ ወለዱ መጣ፣ ገዢውም ወጪ ሲቀንስ መጀመሪያ የተወው ይህንኑ ነው። ትንንሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት የሚሠራው የአሜሪካው ፈንኮ እ.አ.አ. በ2023 መጋዘኑ ሞልቶበት ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቃ እንደሚያስወግድ ራሱ ተናግሯል። ያ ርካሽ ፕላስቲክ ነው ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ግን መደርደሪያው የሞላበት ሰው ያው ነው።

እ.አ.አ. በ2025 ደግሞ አሜሪካ የቻይና ዕቃ ላይ ቀረጥ ጨመረች፤ እነዚህ ስታቹዎች አብዛኞቹ የሚመረቱት ቻይና ነው። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረውም መጀመሪያ ለቻይና፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሁሉም አገር ቀረ። አዲሱ ተወደደ ማለት ነው። አሮጌውም አብሮ ይወደዳል ብለህ ግን እንዳታሰላ። ባትማንን የማይሠራ የለም፤ ሳይድሾው ይሠራዋል፣ ፕራይም 1 ይሠራዋል፣ ሲንጋፖር ያለው ኤክስኤም ሠርቶታል፣ የብራዚሉ አይረን ስቱዲዮስም በትንሹ በ1/10 ያወጣዋል። ዘንድሮ የገዛኸውን የሚያስንቅ ፊት ያለው ሌላ ባትማን በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። ዋጋ የሚይዘው በትንሽ ቁጥር ተመርቶ ያለቀ፣ ገፀ ባህርዩም በየዓመቱ የማይደገም ሲሆን ነው። ላቡቡ የሚባለውን አሻንጉሊት አላየህም? እ.አ.አ. 2025 አጋማሽ ላይ አምራቹ ፖፕ ማርት ብዙ አምርቶ ሲለቅ ገዝተው መልሰው የሚሸጡት ነጋዴዎች ዋጋ ወዲያው ወረደ።

2. ወንድምህ የላከልህ ዋጋ ሻጮች የሚጠሩት ነው። የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ተሸጠው ያለቁትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጫንና እዩት። ከዚያም ላይ የኢቤይን ኮሚሽን፣ ከ13 በመቶ በላይ ነው፣ እና የመላኪያውን ቀንስ። ብዙ ጊዜ የሚተርፍህ የገዛህበት ነው፣ እሱም ከተሳካ።

3. ካርተን። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የእህቴ ልጅ ከዱባይ አንድ የሳይድሾው ሩብ ስኬል ስታቹ በካርጎ ላከልኝ። አዲስ አበባ ላይ ገዢ ነበረው፣ ቀብድም ተቀብያለሁ። ልጁ ካርተኑ ላይ በአረብኛም በእንግሊዝኛም «አይከፈት» ብሎ ጽፏል፣ ዕቃውን የተረከቡትም እሺ ብለዋል። ስሙን የማልጠራው ቢሮ ዕቃህ ደርሷል ብሎ ደወለልኝና ከጅማ ሌሊት ተነስቼ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «እዚያ ጋ ነው» አለችኝ። እዚያ ጋ ያለው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በፕላስተር የታሰረ ነገር ነው። ካርተኑ የለም። ውስጡ ያለው፣ እያንዳንዱ ክፍል በልኩ ተቀርጾለት የሚቀመጥበት ነጭ ፎም የለም። የምርት ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ የለም። ብርድ ልብሱን ስፈታ የሰይፉ ጫፍ ጣት በማታህል ስብራት ተቆርጧል፤ ውስጡ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ተቀያሪው እጅ ማግኔቱ ወልቆ ለብቻው ይንከባለላል።

«ካርተኑስ?» አልኳት።

«ቦታ ስለሚይዝ ዱባይ ላይ አውጥተውት ይሆናል። ስታቹው ደርሷል አይደል እንዴ? ካርተን ልትበላ ነው?»

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። አቤቱታ ጻፍ አለኝ፣ ጻፍኩ። በሁለት ኮፒ አለኝ፣ በሁለት ኮፒ ሰጠሁ። በሌላ ጊዜ ስመለስ ሁለቱም የሉም። በመጨረሻ ትልቅ ውለታ እንደሚውልልኝ ሰው ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባዶው ካርተን ሲመዘን ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው፣ የሦስት ኪሎውን ሂሳብ እንመልስልህ።» ወንድሜ፣ ገንዘቡን አልተቀበልኩም። ዛሬም ብሆን አልቀበልም።

ገዢዬ ጨዋ ሰው ነው፣ አላኮረፈም። ግን አይቶት ከተስማማንበት ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ሰጠኝ፣ ተከራክሬ ልረታው አልቻልኩም። እውነቱን ነው። ፖሊስቶን ይከብዳል፣ ሲወድቅም እንደ ሸክላ ነው፤ ያለ ፎሙ ከቤት ወደ ቤት እንኳ በሰላም አይዛወርም። ስለዚህ ካርተን የሌለው ስታቹ ቀጣይ ገዢ የለውም። ውጪ ያለው ቡናማ ካርተን ሳይቀር ተቆጥሮ ነው ዋጋ የሚወጣው። ካምፓኒዎቹ የተሰበረ ክፍል የሚተኩት ለመጀመሪያው ገዢ፣ እሱም በቀነ ገደብ ነው፤ ጅማ ሆነህ አትድረስበትም።

ከዚያ ወዲህ እኔን ማንም አልቀለደብኝም። የእህቴ ልጅ ከመላኩ በፊት ካርተኑን በስድስቱም ጎን ፎቶ ያነሳል፣ ተረካቢው ቢሮ ደረሰኙ ላይ «በካርተኑ» ብሎ እንዲጽፍ ያደርጋል። እኔም እዚያው ከፍቼ ሳላይ አልፈርምም። አንዱ ጋ ወረፋ አስቆምክ ተብዬ ተጮኸብኝ፤ ይጩሁ።

ስንተኛ ላይ ነበርን? አራት። ቀረጥ። ወንድምህ «መጫወቻ ነው በለው» ይልሃል፣ ሌላው «የጥበብ ሥራ ነው በለው» ይልሃል። በጅምላ የተመረተ ነገር የጥበብ ሥራ መደብ ውስጥ አይገባም። መጫወቻ ነው ወይስ የቤት ማስጌጫ የሚለውም በአንተ ፍላጎት አይወሰንም፣ አስቀድመህ ትራንዚተር ጠይቅ። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው፣ ቫት 15 በመቶ አለ፣ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ግብር አለ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ ነው የሚሰላው። የመጓጓዣውም ወጪ ቀረጡ በሚሰላበት ዋጋ ውስጥ ይገባል። ካርተኑ 20 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

ምንዛሪውን ደግሞ አትርሳ። ስታቹ በቅድሚያ ታዝዞ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር በገበያ ይወሰን ሲባል እኔ አንድ ዕቃ በመንገድ ላይ ነበረኝ። 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ብዙ ነጋዴ ያኔ አለቀሰ። እኔ ከገዢው ጋር የተፈራረምነው ውል ላይ «ቀሪው በርክክቡ ቀን የባንክ ምንዛሪ ይከፈላል» ብዬ ስለነበር አንድ ብር አልጎደለብኝም። ሰውየው ለጊዜው ተናደደ፣ ግን የፈረመው ራሱ ነው፣ ዛሬም ቤቱ ስሄድ ቡና ያፈላልኛል።

አሁን ስለ ጅማ። ማን ሊገዛህ አስበሃል? የቡና ነጋዴው ልጅ? ልጁ ይፈልጋል፣ አባትየው ግን በዚያ ብር ሌላ ጆንያ ቡና ይገዛል። ቡና ቢረክስም ገዢ አያጣም፣ ይህ ግን ገዢ ሲታጣ አቧራ ነው የሚጠጣው። ደግሞ እዚህ ከተማ ሰው የሚመስል ምስል ሳሎኑ እንዲቆም የማይፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼ በእምነታቸው አያስገቡትም፤ የእኔዋም እናት ኦርቶዶክስ ሆና «ይህን ጣዖት ከቤቴ አውጣልኝ» ብላ ሦስት ጊዜ ጨርቅ አልብሳዋለች። ይህ መናቅ የለበትም፣ ገበያህን ይቆርጠዋል። ጅማ ላይ እስካሁን ያስገረመኝ ደንበኛ ፈረንጅ አራዳ ያለ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ነው፤ ትንንሹን 1/10 ይገዛል፣ በመስታወት ውስጥ ይደረድረዋል፣ ልጆቹም ለፎቶ ይመጡለታል። እሱ ትልቁን አይነካም።

ማስቀመጡስ? የእኛን ዝናብ ታውቀዋለህ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መሬት ላይ የተቀመጠ ካርተን አንድ ክረምት አይወጣም፣ ከታች ይሻግታል፤ ካርተኑ ከሻገተ ደግሞ ከላይ የነገርኩህ ታሪክ ነው። የፒቪሲ (ለስላሳ ፕላስቲክ) ክፍል ያለው ከሆነ ተዘግቶ ሲቆይ ላቡ ወጥቶ ይጣበቃል። ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ከግድግዳ አርቀህ፣ እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ጨምረህበት አስቀምጥ። መስኮት ጋ አታድርገው፣ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል።

ስለዚህ አንተን ብሆን ባትማኑን እተወዋለሁ። ወንድምህ ካልተወ ደግሞ ዕቃው ዱባይ ይቀመጥ፣ ኤሲ ባለው ክፍል፣ እዚያው ይሸጥ። ጅማ የገባ ትልቅ ስታቹ ተመልሶ አይወጣም፤ የመመለሻው ጭነት ትርፉን ይጨርሰዋል። እጅህን ማፍታታት ከፈለግክ ሁለት ሦስት 1/10 አስመጣ፣ ያውም ቀብድ ከተቀበልክ በኋላ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ስሙን አልጻፍክም። ወንድምህ የመቆሚያውን ሥር ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፤ ኦርጅናል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የምርት ቁጥሩ ከስንት ስንተኛ እንደሆነ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ኮፒው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚጋለጠው። ፎቶውን እዚህ ለጥፈውና አየዋለሁ፣ እስከዚያ ግን ብር እንዳትልክ።