ለቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ ካሜራ ልቀይር ወይስ ሌንስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። ፎቶ የማነሳው ለሥራ ሳይሆን ስለምወደው ነው። ካኖን 1300ዲ አብሮት ከመጣው 18-55 ሌንስ ጋር አለኝ፤ ቀን ደጅ ላይ ጥሩ ያነሳልኛል። ለገና ላሊበላ ወርጄ ቤተ ማርያም ውስጥ ያነሳኋቸው ግን ግማሾቹ ብዥ አሉብኝ፣ ግማሾቹ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኑ። ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ ካኖን አር10 ላምጣልህ ብሎኛል። ይሻለኛል?»

ዘመድዎ ገና ካልገዛ ትንሽ ይቆይ። አር10 ጥሩ ካሜራ ነው፤ ችግሩ በአንድ ካርቶን አብሮት የሚሸጠው 18-45 ሌንስ ነው። 18 እና 55 የሚሉት ቁጥሮች ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ (በሚሊ ሜትር)፣ «ኤፍ» ደግሞ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ይናገራሉ። የእርስዎ ሌንስ 18 ላይ እስከ ኤፍ3.5፣ 55 ላይ እስከ ኤፍ5.6 ይከፍታል። አዲሱ 18 ላይ ኤፍ4.5፣ 45 ላይ ደግሞ ኤፍ6.3 ነው። የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል። 18 ላይ ሁለቱን ብናነጻጽር አዲሱ የሚያስገባው ብርሃን የአሮጌውን ስድሳ ከመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲሱ ቦዲ (ያለ ሌንሱ ካሜራው ራሱ) ነጠብጣብ በመቀነስ ያተረፈልዎትን ሌንሱ መልሶ ይበላዋል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የተበላሹትን ፎቶዎች እንመርምር፤ እንዳያጠፏቸው። በካሜራው ላይ ፎቶውን ከፍተው «ዲስፕ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ሹተሩ (ብርሃን የገባበት ጊዜ)፣ አፐርቸሩ (የኤፍ ቁጥሩ) እና አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ይታያል። ከዚያ ፎቶውን አጉልተው ይዩት፤ ብዥታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

የሻማው ብርሃን መስመር ሠርቶ፣ ዓምዱም ሰዉም እኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ የተንቀጠቀጠው እጅዎ ነው። በዚህ ካሜራ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 ያባዙት፤ ሹተሩ ከአንድ ሰከንድ ለዚህ ውጤት ተካፍሎ ከሚገኘው መዘግየት የለበትም። 55 ሲባዛ 88 ይመጣል፤ ስለዚህ ከ1/100 ሰከንድ አይዘግይ። ሌንሱ ላይ «አይኤስ» (የንዝረት መከላከያ) የሚሉት ሁለት ፊደላት ካሉ እስከ 1/25 ድረስ ይታገሥልዎታል። ከ1300ዲ ጋር ያለ አይኤስ የተሸጡ 18-55ዎችም ስላሉ ጽሑፉን አይተው ያረጋግጡ።

ዓምዱ ጥርት ብሎ የዲያቆኑ እጅና ጸናጽሉ ብቻ ከተሳበ ግን የተንቀሳቀሰው ሰውዬው ነው። እዚህ ላይ አይኤስ ምንም አይረዳም። ቆሞ ለሚያነብ ካህን 1/60 ይበቃል፤ ለወረብ 1/125፣ ጭብጨባው ሲደራ 1/250 ያስፈልጋል።

ከኋላ ያለው መጋረጃ ጠርቶ ፊቱ ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል። 1300ዲ ዘጠኝ የፎከስ ነጥቦች አሉት፤ ቁም መስመርንም አግድም መስመርንም የሚያነበው መካከለኛው ብቻ ነው። በጨለማ ምርጫውን ለካሜራው አይተዉለት፤ መካከለኛውን ነጥብ በእጅዎ ይምረጡ። ነጥቡን ጉንጭ ላይ ቢያሳርፉት ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይቸገራል። ነጩ ጥምጣም ከግንባር ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ቢያሳርፉት ግን ቶሎ ይይዛል፤ ፎከስ የሚፈልገው የጥቁርና የነጭ ድንበር ነው። ግንባርና ዓይን ርቀታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ፊቱም ይጠራል።

ፎቶው ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ ነበረ። ሌሊቱን ብርድ ላይ የቆየ ካሜራ ትንፋሽና ሻማ ወደሞላበት ክፍል ሲገባ መስታወቱ ወዲያው ያልበዋል። በነጠላ ጫፍ መጥረግ ቅባት ይጨምራል እንጂ አይጠቅምም። ከመግባትዎ በፊት ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው፣ ከገቡ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ያውጡት።

ነጠብጣቡን በተመለከተ ብዙ ሰው አይኤስኦ መጨመር ይፈራና በ800 ጨለማ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ያበራዋል። በ1300ዲ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል በሚቀይረው ክፍል) ላይ ይህ ይብሳል። በ3200 በትክክል የበራ ፎቶ፣ በ800 ተነሥቶ በኋላ ከበራው ይልቅ ንጹሕ ነው። በ«ሮው» (ካሜራው ሳያስተካክል እንዳለ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ያንሡ፤ የሻማ ቢጫና የአምፖል ነጭ ሲደባለቁ ቀለሙን በኋላ ማስተካከል የሚቻለው በሮው ነው። ሌላም አለ፤ ካሜራው ሰፊውን ጥቁር ድንጋይ ሲያይ «ጨልሟል» ብሎ ሹተሩን ያዘገየዋል፣ ነጠላውም ከመጠን በላይ ነጥቶ ጥለቱ ይጠፋል። የብርሃን ማካካሻውን ወደ ‐2/3 ወይም ‐1 ያውርዱት። ሹተሩ ይፈጥናል፣ የነጠላው ጥለትም ይታያል። ጠዋት ደጅ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲሞላ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወደ +2/3 ከፍ ያድርጉት። ፍላሽ ግን ጨርሶ አይብራ፤ ለሥዕሎቹም ለጸሎተኛውም አይበጅም።

እጅ መንቀጥቀጥም ሆነ የሰው እንቅስቃሴ ከሆነ የጎደለው ብርሃን ነው፤ መድኃኒቱም ሌንስ ነው። ርካሹ መፍትሔ የካኖን 50 ኤፍ1.8 ኤስቲኤም ነው። ከኤፍ5.6 ወደ ኤፍ1.8 መውረድ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በ1/15 ተነሥቶ የተሳበው ፎቶ፣ አይኤስኦው ሳይነካ፣ በ1/125 ይነሣል። ከቦዲ ለውጥ ይህን ያህል አይገኝም፤ ወደ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ወዳለው ካሜራ) እንኳ ቢሻገሩ ትርፉ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው።

ነገር ግን 50 በእርስዎ ካሜራ ላይ እንደ 80 ይጠብባል፤ ለፊት ግሩም ነው፣ ጠባብ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ግን ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉበት ቦታ ያጣሉ። የጥራት ጥልቀቱም (ከፊት ወደ ኋላ ጠርቶ የሚወጣው ርቀት) ቀጭን ነው። ኤፍ1.8 ላይ በሁለት ሜትር ርቀት 11 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በአንድ ሜትር ደግሞ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ይጠራል፤ አፍንጫው ጠርቶ ዓይኑ ሊደበዝዝ ይችላል። ወደ ኤፍ2.2 ወይም 2.8 ጠበብ ያድርጉት። እስካሁን ያነሷቸው ፎቶዎች በብዛት ከ18 እስከ 30 መካከል ከሆኑ ሲግማ 30 ኤፍ1.4 ይሻልዎታል። ሌንስ መቀያየር ካልፈለጉ ደግሞ ያገለገለ ሲግማ 17-50 ኤፍ2.8 ይፈልጉ። ሲገዙ ለካኖን ዲኤስኤልአር የተሠራውን መሆኑን ይዩ፤ መልኩ አንድ ሆኖ የኒኮን አፍ ያለውም አለ።

አር10 ቦታው የት ነው? ሦስት ነገር ላይ። ዓይን ለይቶ ይከተላል፤ በሜካኒካል ሹተር በሰከንድ 15 ፎቶ ያነሳል፣ የእርስዎ 3 ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ደግሞ ድምፅ የለውም። በቅዳሴ መካከል «ቀጭ ቀጭ» አለማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ድምፅ አልባው ሹተር በሚርገበገብ አምፖል ሥር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጥላል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ይቀንሰዋል። ቦዲው ውስጥ የንዝረት መከላከያ የለውም፤ እሱ ያለው አር7 ላይ ነው። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ በመመልከቻው ብቻ ካነሱ 300 ፎቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ 1300ዲ ግን ወደ 500 ይደርሳል። የ1300ዲ ባትሪ አይገባበትም፤ የእሱ ኤልፒ-ኢ17 ነው፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ከሁለት ያላነሰ ያስፈልጋል።

እንዲመጣ ከወሰኑ ሌንስ የሌለው ቦዲ ብቻ፣ ከኢኤፍ-ኢኦኤስ አር አዳፕተር (የአሮጌውን ካሜራ ሌንስ አዲሱ ላይ ከሚያገጥመው ማገናኛ) ጋር ይሁን። በአዳፕተሩ 18-55ዎም ሆነ 50ው ከነፎከሱ ይሠራል፤ አሁን የሚገዙት ሌንስ አይባክንም። ለአር ካሜራዎች የተሠራ ሌንስ ግን 1300ዲ ላይ አይገጥምም። ዘመድዎ የቻርጀሩን ሶኬት ይይ፤ ዱባይ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሚሸጥ ባለ ሁለት ክብ እግር ገመድ ደሴ ላይ ለብቻ መግዛት ሊኖርብዎ ነው።

ለውሳኔው ቀላል ፈተና አለ። የ50ውን ሌንስ ከጓደኛም ቢሆን ይዋሱ። ማታ ሳሎን ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ አብርተው ሰው ሁለት ሜትር ላይ ያስቀምጡ፣ እንደ ልቡ እያወራ ይንቀሳቀስ። ኤፍ2፣ 1/100፣ አይኤስኦ 3200፣ መካከለኛው ነጥብ፤ ሃያ ፎቶ ያንሡና ዓይኑን እያጎሉ ይቁጠሩ። ከአሥራ አምስት በላይ ከጠሩ ሌንሱን ገዝተው የቦዲውን ገንዘብ ያስቀምጡ። ከአሥር በታች ከሆኑና የደበዘዙት በፎከስ መሳት ከሆነ ለዘመድዎ ይደውሉና አር10 ቦዲውን ያምጣ።