ለደመወዝ እየጻፉ የራስን ብዕር ስለ ማቆየት

እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ እየኖርሽ መሃል ከተማ የሙሉ ጊዜ የጽሑፍ ሥራ እንደጀመርሽ፣ ለዓመታት በራስሽ ስም ስታወጪው የኖርሽው ጽሑፍም እንዳይቀር እንደሰጋሽ ነግረሽናል። አይቀርም፤ ግን እንደ ቀድሞው በየሳምንቱ ይወጣል ብለሽ ለአንባቢ ቃል አትግቢ።

ከሁሉ በፊት ውልሽን አውጥተሽ እንደገና አንብቢው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ ለሥራው የጻፈው ጽሑፍ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ የራስሽን በራስሽ ሰዓት፣ በራስሽ ኮምፒውተር ጻፊ፤ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ አታስገቢበት። በግልሽ የምትጽፊው የአንቺ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር በውሉ ላይ ቢታከልልሽ ደግሞ ልብሽ ያርፋል። ለመጠየቅ አትፈሪ፤ የቀጠሩሽ ብዕርሽን አይተው ነውና።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል፤ የመንገዱን ሰዓት ግን ማንም አይቆጥርልሽም። ማታ የታክሲ ሰልፍ ቆመሽ፣ ቃሊቲ ላይ በመኪና መጨናነቅ ተይዘሽ ቤት ስትገቢ፣ ቀኑን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲያቃና የዋለ አእምሮ ሌላ አይወልድም። ራስሽን አታስጨንቂ። እኔ የምመክርሽ ንጋትን ነው፤ ሠፈሩ ሳይነቃ፣ ስልክሽ ሳይከፈት፣ ግማሽ ሰዓት። ርዕሱም ከሥራሽ የራቀ ይሁን፤ ቀን ስለ ባንክ የምትጽፊ ከሆነ ጠዋት ስለ እናትሽ ጓሮ ጻፊ። ታክሲ ውስጥ ሐሳብ ሲመጣልሽ በስልክሽ ላይ ጫር አድርጊው።

የሙከራ ጊዜ በሕግ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እስከዚያ በወር አንድ ጽሑፍ ይበቃሻል፤ ከዚያ በኋላ እንደ አቅምሽ ትጨምሪያለሽ።