ፓውዛዬ ቢጫ ሆነብኝ፣ በኮልጌት ልሸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቆየች ቪትዝ አለችኝ። የፊት መብራቶቿ ቢጫ ሆነው ደብዝዘዋል። ማታ ስነዳ ጉድጓዱን የማየው ከገባሁበት በኋላ ነው። አምፑል ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጓደኛዬ በኮልጌት እሸው ይለኛል፣ የሰፈራችን መካኒክ ደግሞ ሙሉ ፓውዛ ካልገዛህ አይሆንም ይላል። ማንን ልስማ? (ከሃያት)

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። መጀመሪያ መብራቱን በሳሙና እጠበውና ሳይደርቅ እየው። ውኃው እያለበት ጥርት ብሎ ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ ችግሩ ከላይ ነው፣ ራስህ ቤትህ ልታስተካክለው ትችላለህ። እርጥብ ሆኖም ያው ከሆነ ግን ነገሩ ከውስጥ ነው፤ ወይ እርጥበት ገብቶበታል፣ ወይ ከአምፑሉ ኋላ ያለው አንጸባራቂ ተቃጥሏል። ያኔ መካኒኩ እውነቱን ነው፣ ከላይ ብትፈገፍገው ክንድህን ነው የምታደክመው።

የዛሬ መኪና መብራት ፊቱ መስታወት አይደለም። ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ጠጠር ቢመታው ቶሎ አይሰበርም፣ ፀሐይ ግን ይጎዳዋል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ላዩን በቀጭን መከላከያ የሚቀባው። ያ ቅብ ከዓመታት በኋላ ይላላጣል፣ አልትራቫዮሌት ጨረሩም ፕላስቲኩን ራሱን ያገኘውና ቢጫ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታው በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐይዋ የለዘበች እንዳይመስልህ።

ኮልጌት ይሠራል፣ አዎ። ውስጡ የሚፍቅ ነገር ስላለ ላዩን ትንሽ ያነሳዋል፣ ለሠርግ ለመድረስ ይበቃል። መከላከያ ግን አይሰጥም፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ነው። የወባ ትንኝ ማባረሪያ ሲቀቡበት የሚያሳዩት ቪዲዮ ደግሞ ይባስ ብሎ የፕላስቲኩን ፊት ያቀልጣል፤ የሚያብረቀርቀው ለዚያ ነው። ቤንዚንና ቲነር በፍጹም እንዳታስነካው፣ ፕላስቲኩን በደቃቁ ይሰነጥቀዋል፣ ያ ደግሞ በምንም አይመለስም።

ትክክለኛው መንገድ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ቀለም መሸጫ ሄደህ 800፣ 1000፣ 1500 እና 2000 ቁጥር ግዛ፣ የውኃውን ዓይነት በል። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁማት። በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ደራርበህ ሸፍን፣ ይህን የሚንቅ ሰው ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን ይቧጭርና መጨረሻው ቀለም ቀቢ ቤት ነው። ከዚያ ወረቀቱንም መብራቱንም እያረጠብክ በ800 ጀምር። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ቢጫ ነው፣ እሱ አሮጌው ቅብ ነው። ውኃው ነጭ እስኪሆንና ፊቱ በሙሉ እኩል እስኪደበዝዝ አትተው፣ የሆነ ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ ደሴት ከቀረ ቅቡ ገና አልለቀቀም ማለት ነው፣ በኋላም ያ ቦታ ለብቻው ያስታውቃል። በ800 ወደ ጎን ከፈገፈግህ በ1000 ወደ ላይና ወደ ታች አድርገው፣ የቀደመው ጭረት መጥፋቱ የሚታይህ እንዲህ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ መብራቱ ከበፊቱ የባሰ ይመስልሃል። አትደንግጥ።

አሁን ነው መወሰን ያለብህ። ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው ጥርት ያለ መከላከያ ቅብ፣ የምትረጭበት ከሆነ 1500 ላይ አቁም፣ ክሊሩ የሚይዘው ትንሽ ሻካራ ፊት ሲያገኝ ነው፣ የቀረውን ጭረትም ራሱ ይሞላዋል። በአልኮል ጠርገህ አድርቅ፣ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ዙር ርጭ። ክሊሩ የአልትራቫዮሌት መከላከያ ያለው መሆኑን ጠይቅ። ከሃርድነር (ማጠንከሪያ) ጋር የሚቀላቀለው በጣም ይበረታል፣ ጭሱ ግን ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ተራ የአፍ ጭምብልም አያስቆመውም። እኔ ብሆን ፈግፍጌ ጨርሼ የመጨረሻዋን ርጭት ለቀለም ቀቢ እሰጣለሁ፤ ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ናት።

ክሊር ካልፈለግህ እስከ 2000 ቀጥልና በኮምፓውንድ፣ በማብረቂያው ቅባት፣ አብርቀው። ከዚያ በየወሩ ሰም እየቀባህ ኑር። ሰሙን ከረሳህ ክረምቱ አልፎ በጋው ሲመጣ ቢጫው ይመለሳል። ብዙ ሰው «አስጠርጌው ተመለሰብኝ» የሚለው ፍገፋው ስለተበላሸ አይደለም፣ አሮጌው መከላከያ ተልጦ አዲስ ስላልተተካ ነው። ላቫጆ ውስጥ አምስት ደቂቃ አብርቀው ሲሰጡህ «ምን ቀባችሁበት?» ብለህ ጠይቅ።

እንደ አዲስ ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ የሚባለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሙከራ የደበዘዘ መብራት የሚሰጠው ብርሃን ከአዲሱ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፣ ሲታደስ ወደ 70 በመቶ ተመልሷል። ከ20 ወደ 70 ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ ያለንን መኪና ይዘን መቆየታችን ነው።

የ100 ዋት አምፑል ግን እንዳያምርህ። አምፑልህ ኤች 4 የሚባለው ዓይነት ከሆነ መደበኛው 60/55 ዋት ነው (60ው ለረጅም፣ 55ቱ ለአጭር መብራት)፣ ከዚያ በላይ ሙቀቱ ሶኬቱንና አንጸባራቂውን ይበላል፣ ከፊት የሚመጣውንም ታሳውረዋለህ።

ጥያቄ፦ አባቴ የድሮ ላዳ አለው፣ መብራቱ ደክሟል። በብርጭቆ ወረቀት ብንፈገፍገው ይሆናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትነኪው! የላዳ መብራት እውነተኛ መስታወት ነው፣ ቢጫ አይሆንም፣ ብትፈገፍጊው ግን ይቧጨርና ብርሃኑን ይበትነዋል። የደከመው ከውስጥ ያለው አንጸባራቂ ሳይሆን አይቀርም፣ ከዛገ ወይ ከጠቆረ መቀየር ነው። አቧራ ብቻ ከሆነ በአየር ንፉት፣ በጨርቅ አትጥረጉት፣ ሽፋኑ በቀላሉ ይለቃል። ኃይል የሚያስተላልፈውን ሽቦና ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን የመሬት ሽቦም አባባ ያስፈትሹት፣ ዝገት ካለ አምፑሉ ሙሉ ኃይል አያገኝም። ወደ ሃሎጅን ቀይረውት ከሆነ ደግሞ አምፑሉን ሲገጥሙ ብርጭቆውን በጣት አይንኩት፣ የእጅ ቅባት ቶሎ ያቃጥለዋል።